አሮጌው ማሽን፣ ባች ፋይልና ባሕረ ሐሳብ

በየትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት አቧራ ለብሰው የተደረደሩ ኮምፒዩተሮች አሉ። ስለ እነርሱ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ በአብዛኛው «አርጅተዋል፣ አይሠሩም» የሚል ነው። ይሁንና ከመካከላቸው የብዙዎቹ ገመድ ቢሰካ ማራገቢያቸው ይዞራል፣ ዲስካቸው ያጉረመርማል፣ በጥቁሩ ገጽ ላይም አንዲት ትንሽ ሰረዝ ብልጭ ድርግም እያለች ትእዛዝ ትጠብቃለች። እነዚህ ማሽኖች አዲሱን ዊንዶውስ መሸከም አይችሉም፤ ከኢንተርኔት ቢገናኙም የዛሬዎቹን ገጾች ለመክፈት ያቃስታሉ። ትእዛዝን መስመር በመስመር ተቀብሎ መፈጸሙን ግን እንደ ተሠሩበት ቀን ይችሉታል። በዚህ ጽሑፍ የምንከራከረው፣ እነዚህ ማሽኖች ከመጣላቸው በፊት አንድ ትልቅ አገልግሎት ይቀራቸዋል፣ እርሱም ተማሪን ባች ፋይል ማስጻፍ ነው በማለት ነው። ክርክራችንን በሰሜን ሸዋ ደጋ በምትገኘው በሰላ ድንጋይ አስደግፈን እናቀርባለን፤ እርሷን የመረጥንበት ምክንያት ወደ ኋላ ይገለጣል።

በቅድሚያ «አርጅቷል» የሚለውን ቃል እንመርምር። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2014 አቋረጠ፤ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውንም መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቋረጠ። በእነዚያ ሌሊቶች በማሽኖቹ ውስጥ የተቃጠለ ትራንዚስተር የለም። የድጋፍ መቋረጥ ማለት አዲስ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ መድፈኛው አይላክም ማለት ነው። ይህ ከመረብ ለተገናኘ የባንክ ኮምፒዩተር ከባድ ጉዳይ ነው፤ ከግድግዳው ሶኬት በቀር ከምንም ጋር ላልተገናኘ የትምህርት ቤት ማሽን ግን ያን ያህል አያሳስብም። እ.ኤ.አ. በ1999 ለገበያ የቀረበው ፔንቲየም 3 የውስጥ ሰዓቱ በሴኮንድ 500 ሚሊዮን ጊዜ ይመታ ነበር። ይህን የሚያህል ጉልበት «ለምንም አይሆንም» የምንለው ለፎቶግራፍና ለቪዲዮ ስለማይበቃ ብቻ ነው። ለሒሳብና ለሥርዓት ከበቂ በላይ ነው።

ባች ፋይል ማለት ትእዛዞች በተራ የተጻፉበት ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ማሽኑ ያነበዋል፣ እያንዳንዱን መስመር ሰው በኪቦርድ የጻፈው ያህል ቆጥሮ ይፈጽመዋል። ስሙ የመጣው አንድ ኮምፒዩተር አንድ አዳራሽ ይሞላ ከነበረበት ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ ተጠቃሚው ሥራውን በተበሱ ካርዶች ላይ አስፍሮ ለኦፕሬተሩ ያስረክባል፤ ኦፕሬተሩም ወፍጮ ቤት እንደሚጠራቀም እህል የብዙ ሰዎችን ካርድ አሰባስቦ በአንድነት ለማሽኑ ያጎርሳል። ይህ የጅምላ አሠራር «ባች» ተባለ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊው ሉዊ ፑዛን ትእዛዞችን ከፋይል እያነበበ ተራ በተራ የሚያስፈጽም «ራንኮም» የተሰኘ ፕሮግራም ጻፈ። በሰውና በማሽን መካከል ቆሞ ትእዛዝ ለሚቀበለው ፕሮግራምም «ሼል» የሚለውን ስም ያወጣለት እርሱ ነው። ሼል ቅርፊት ማለት ነው፤ ከውስጥ ያለው የሥርዓቱ እምብርት ደግሞ «ከርነል»፣ ማለትም ፍሬ ይባላል። ለገበሬ ልጅ ከዚህ የቀለለ ማስረጃ አይገኝለትም፤ ባቄላ የፈለፈለ ሁሉ ይገባዋል።

አይቢኤም የመጀመሪያውን የግል ኮምፒዩተሩን እ.ኤ.አ. በ1981 ሲያቀርብ አብሮት የመጣው ዶስ ባች ፋይል ነበረው፤ ግን በጣም ድሀ ነበር። ትእዛዞችን በተራ ከመደርደር በቀር ብዙ አያውቅም። በ1983 በወጣው በሁለተኛው ዕትም «ኢፍ»፣ «ጎቱ» እና «ፎር» ተጨመሩለት። በእነዚህ ሦስት ቃላት ባች ፋይል ከዝርዝርነት ወደ ፕሮግራምነት ተሸጋገረ ማለት ይቻላል፤ ሁኔታን መመርመር፣ ወደ ሌላ ስፍራ መዝለልና ሥራን መደጋገም ቻለ። ማሽኑ ሲበራ ራሱን የሚያዘጋጅበት «አውቶኤግዜክ» የተባለው ፋይልም ባች ፋይል ነበር። የዚያን ዘመን ተጠቃሚ በ640 ኪሎባይት ማኅደረ ትውስታ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ፕሮግራም ለማስገባት በዚህ ፋይል ላይ ስንት ሌሊት እንዳደረ የሚያውቅ ያውቀዋል።

የአሮጌው ሼል አሠራር ሞኝነቱ ራሱ ትምህርት ነው። ዶስ ባች ፋይሉን በአንድ ጊዜ አንብቦ አይዝም። ፋይሉን ይከፍታል፣ አንድ መስመር ያነባል፣ የደረሰበትን ስፍራ ያስታውሳል፣ ፋይሉን ይዘጋል፣ ትእዛዙን ይፈጽማል፣ እንደገና ይከፍታል። ፋይሉ በፍሎፒ ዲስክ ላይ ከሆነና ዲስኩ በመካከል ከወጣ፣ ማሽኑ ባች ፋይሉ ያለበትን ዲስክ መልሱልኝ ብሎ ቆሞ ይጠብቃል። «ጎቱ» ሲታዘዝም የተፈለገውን ምልክት ለማግኘት ከፋይሉ ራስ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ አቋራጭ አያውቅም። አንድ ፕሮግራም ሥራውን ሲጨርስ የሚተወውን የውጤት ቁጥር የሚመረምረው ትእዛዝም ልዩ ጠባይ አለው፦ «ቁጥሩ 1 ነውን?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው «1 ወይም ከ1 በላይ ነው» በሚለው ትርጉም ነው። ስለዚህ ምርመራው ከትልቁ ቁጥር ወደ ትንሹ መውረድ አለበት፤ ከታች የጀመረ ተማሪ ስሕተት ቁጥር 3ን ስሕተት ቁጥር 1 ነው ብሎ ይሸኘዋል። ይህን አንድ ጊዜ የተጠለፈበት ተማሪ «ቢያንስ» እና «እኩል» በሚሉት ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት ዕድሜውን ሙሉ አይረሳም። የሒሳብ መምህራን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለማስረዳት የሚደክሙበት ነገር ነው።

አንባቢያን ባች ፋይል የውጭ ሰዎች ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላቸው፣ በአገራችን በየጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቱ የታየ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በፍላሽ ዲስክ የሚዛመተው ቫይረስ ማኅደሮችን ደብቆ በምትካቸው ተመሳሳይ ስም ያላቸው አቋራጮችን ያስቀምጥ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፉ ጠፋ ብሎ የሚያለቅስ ተማሪ ሲመጣ፣ በዚያ የተቀመጠው ልጅ በጥቁሩ ገጽ ላይ «አትሪብ» የሚለውን ትእዛዝ ከጥቂት ምልክቶች ጋር ይጽፍና ፋይሎቹ ተመልሰው ይታያሉ። ፋይሎቹ ከቶ አልጠፉም ነበር፤ «ስውር» እና «የሥርዓት» የሚሉ ሁለት ምልክቶች ብቻ ነበር የተለጠፉባቸው። ብልሆቹ ልጆች ያንን መስመር በባች ፋይል አስቀምጠው በአንድ ጠቅታ ይሠሩበት ነበር። እንደ አስማት ለሚያየው ደንበኛ ጥቂት ብር ያስከፍላሉ፤ ተገቢ ዋጋ ነው። የሚያሳዝነው ግን ከደንበኞቹ መካከል የሳይንስ ተማሪዎችም፣ የሳይንስ መምህራንም መኖራቸው ነው።

አሁን ወደ ሰላ ድንጋይ እንምጣ። ሰላ ድንጋይ ከአዲስ አበባ ደሴ አውራ ጎዳና ገባ ብላ የምትገኝ የሞጃና ወደራ ወረዳ ከተማ ናት። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅ መቀመጫ የነበረች ሲሆን፣ ሚስዮናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1842 ከአንኮበር ወደ ጎንደር ሲጓዝ በዚያ አልፎ እርሷን አግኝቷታል። እኛን የሳበን ግን ይህ ብቻ አይደለም። በሰላ ድንጋይም ሆነ በሌሎቹ የሰሜን ሸዋ ደጋ ከተሞች ዘመናዊው ትምህርት ቤትና የቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ጎን ለጎን የሚኖሩ ናቸው። አንድ ቤተሰብ አንዱን ልጅ ወደዚህ፣ ሌላውን ወደዚያ ይልካል፤ አንዳንዱ ልጅ ሁለቱንም ይማራል። ከቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ውስጥ ደግሞ ባሕረ ሐሳብ አለ፤ በትውፊት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ የሚሰጠው የበዓላትና የአጽዋማት ቀመር።

ባሕረ ሐሳብ፣ እኛ የፊዚክስ ሰዎች እንደምናየው፣ የተሟላ ፕሮግራም ነው። አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ቋሚ ትእዛዞች በቋሚ ተራ ይፈጸማሉ፣ አንድ ቀን ይወጣል። ክፍልፋይ የለበትም፤ ማካፈልና ቀሪውን መያዝ ብቻ ነው። ከዊንዶውስ ኤንቲ ወገን የሆኑት ሥርዓቶች፣ ለምሳሌ ዊንዶውስ 2000 እና ኤክስፒ፣ በባች ፋይል ውስጥ ስሌት እንዲሠራ የሚያደርግ «ሴት» የተባለ ትእዛዝ አላቸው፤ ከ«ኤ» መቀየሪያ ጋር ሲጻፍ ይደምራል፣ ይቀንሳል፣ ያባዛል፣ ያካፍላል፣ ቀሪም ያወጣል። ክፍልፋይ ግን ፈጽሞ አያውቅም። ለኢንጂነር ይህ ጉድለት ነው፤ ለባሕረ ሐሳብ ግን እንደ ልክ የተሰፋ ልብስ ነው።

የ2018 ዓ.ም.ን ነነዌ እናውጣ። በ5500 ላይ 2018 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፤ አንዱ ለዘመኑ ተትቶ ወንበሩ 12 ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ 30 መምጣታቸው ለተማሪው ማረጋገጫ ነው። ቀጥሎ ዕለተ ዮሐንስ ይፈለጋል፦ 7518 ለ4 ሲካፈል ድርሻው 1879፤ ሁለቱ ሲደመሩ 9397፤ ይህ ለ7 ሲካፈል 3 ይቀራል። ቀሪው ዜሮ ሲሆን ሰኞ፣ 1 ሲሆን ማክሰኞ እያለ ስለሚሄድ መስከረም 1 ሐሙስ ነበር። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 18 እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ 7 ነው፤ 18 እና 7 መባጃ ሐመር 25 ይሆናሉ። ነነዌ ጥር 25 ቀን ሰኞ፣ ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን። በባች ፋይል ሲጻፍ ይህ ሁሉ ሃያ መስመር አይሞላም።

በሃያው መስመር ውስጥ ግን ስንት ነገር አለ! የተውሳክን ሰንጠረዥ እንውሰድ፤ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ በቃሉ ይይዘዋል። ባች ፋይል የሚጽፈው ተማሪ ግን ሰባት «ኢፍ» ለመጻፍ ስለሚሰንፍ ሕጉን ይፈልጋል፤ ሰኞን ዜሮ ብሎ ከጀመረ የቀኑን ቁጥር ከ6 ላይ መቀነስ፣ ውጤቱ ከ2 ካነሰ 7 መጨመር በቂ መሆኑን ያገኛል። ስንፍና ወደ አልጀብራ የሚያደርስበት መንገድ ይህ ነው፤ እኛም ይህን ዓይነቱን ስንፍና እናበረታታለን። ወንበር ዜሮ በሚሆንበት ዓመት ደግሞ ስሌቱ መጥቅዕን ዜሮ ያወጣዋል፤ የቀመሩ ሊቃውንት ይህን 30 ብለው እንደሚይዙት ያልጠየቀ ተማሪ ፋይሉ በ2006 ዓ.ም. ላይ ይሳሳትበታል። ፋይሉን ለማረም ወደ መሪጌታው መሄድ ይኖርበታል። እንዲህ ያለውን ጉዞ የሚያስገድድ ሌላ የኮምፒዩተር መልመጃ እስካሁን አላጋጠመንም።

«ፎር» የተባለው ትእዛዝ ሲታከልበት ነገሩ ከመልመጃነት ያልፋል። ዐቢይ ቀመር 532 ዓመት ነው፤ 19 በ28 ሲባዛ የሚገኝ። ተማሪው ስሌቱን ለ532 ተከታታይ ዓመታት አስደግሞ ውጤቱን ወደ ጽሑፍ ፋይል ይልካል። ወሩና ቀኑ ባለ ሁለት አኃዝ ሆነው ከተጻፉ «ሶርት» የተባለው ትእዛዝ በቅደም ተከተል ያሰልፋቸዋል፤ በራሱ ላይ ጥር 17፣ በግርጌው ላይ የካቲት 21 ይቆማሉ። ነነዌ ከዚያ አይወርድም፣ ከዚህ አይወጣም የሚለውን ተማሪው በቃል የተቀበለው ሕግ ነበር፤ አሁን በገዛ ማሽኑ አረጋገጠው። 533ኛው ዓመት ከመጀመሪያው ጋር አንድ መሆኑንም ያያል። ይህ የኮምፒዩተር ማረጋገጫ ከሒሳብ ማስረጃ የሚለየው በምን እንደሆነ ማስተማር ደግሞ የእኛ የመምህራን ድርሻ ነው።

ማሽኑ የራሱ ወጥመዶችም አሉት፤ ከሁሉ የሚያስደንቀን አንዱ ለእኛ አገር ሆን ተብሎ የተቀመጠ ይመስላል። ተማሪው ፋይሉ የዛሬውን ቀን ራሱ ከማሽኑ ሰዓት ወስዶ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲመልስ አደረገ እንበል። ማሽኑ ወሩን በሁለት አኃዝ ያቀርባል፤ 01፣ 02፣ 03 እያለ። ፋይሉ በታኅሣሥ ተጽፎ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ያለ እንከን ይሠራል። ሐምሌ 25፣ በፈረንጆች የኦገስት ወር ሲገባ፣ በድንገት ይሰናከላል፤ እንደዚያው ሆኖ ጳጉሜንን አልፎ እስከ መስከረም 20 ገደማ ይቆያል። አዲሱን ዓመት ለማብሰር የተጻፈው ፋይል በአዲሱ ዓመት ዋዜማ ዲዳ ይሆናል ማለት ነው። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ስሌት የሚሠራው ትእዛዝ በዜሮ የሚጀምርን ቁጥር በአሥር ቤት ሳይሆን በስምንት ቤት የተጻፈ አድርጎ ይቆጥረዋል። ከ01 እስከ 07 በሁለቱም አቆጣጠር አንድ ስለሆኑ ችግሩ ተሸሽጎ ይከርማል። በስምንት ቤት ግን 8 እና 9 የሚባሉ አኃዞች የሉም፤ ስለዚህ 08 እና 09 ትርጉም ያጣሉ። 10 በዜሮ ስለማይጀምር ደኅና ነው። መድኃኒቱ ከወሩ ፊት 1 ለጥፎ 100 መቀነስ ነው፤ 108 ሲቀነስ 100 ስምንት ነው። ስለ ቁጥር ቤቶች በመጽሐፍ የሚሰጠው ምዕራፍ ተማሪውን ያስተኛዋል፤ በዘመን መለወጫ የተሰናከለች ፋይል ግን እንቅልፍ ትነሳዋለች።

ሌላው ወጥመድ የማሽኑ ቁጥር ወሰን ያለው መሆኑ ነው። 50,000 በ50,000 ሲባዛ 2,500,000,000 መሆኑን የስድስተኛ ክፍል ልጅ ያውቃል። ባች ፋይሉ ግን በድፍረት −1,794,967,296 ብሎ ይመልሳል፤ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። ቁጥሩን በ32 ቢት ስለሚይዝ ከ2,147,483,647 በላይ ሲሄድ ዞሮ ከታች ይገባል። እንደ ሰዓት ቆጣሪ ነው፤ ከአሥራ ሁለት በኋላ አንድ። ተማሪው ማሽን ያወጣውን ቁጥር ሁሉ አሜን ብሎ እንዳይቀበል ከዚህ የበለጠ ስብከት አያስፈልገውም።

ማሽኑ ከዊንዶውስ ኤንቲ በፊት የነበረ፣ ንጹሕ ዶስ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ስሌት የሚባል ነገር በባች ፋይል ውስጥ የለም። ይህም መንገድ አይዘጋም። ወንበር የሚይዛቸው ዋጋዎች 19 ብቻ ስለሆኑ ተማሪው ማካፈሉን በወረቀት ይሠራል፤ ያገኘውን ወንበር ለፋይሉ ያቀብላል፤ ፋይሉም በ«ጎቱ» ወደ ተመደበለት ስፍራ ዘሎ አበቅቴውንና መጥቅዑን ያነብለታል። ሊቃውንቱም ሰንጠረዡን በቃል የሚይዙት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ስሌቱን አንድ ጊዜ ሠርቶ ውጤቱን ማኖር በየጊዜው ከመሥራት ይቀልላል። የኮምፒዩተር ሳይንስ መምህራን ይህን «ጊዜን በማኅደረ ትውስታ መለወጥ» ብለው በሦስተኛ ዓመት ያስተምሩታል።

ስለ ፊደላችንም አንድ ቃል ሳንል አናልፍም። ዶስ በጽሑፍ ገጹ ላይ የሚያውቀው 256 ምልክቶችን ነው፤ ግማሾቹ በላቲን ፊደላት፣ በቁጥሮችና በመሰል ምልክቶች ተይዘዋል። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ቤት ሲባዙ ብቻ 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ሰንጠረዡ ይሞላና ይፈስሳል። በ1980ዎቹ አማርኛን ወደ ኮምፒዩተር ያስገቡት ባለሙያዎች ይህን ጠባብ በር በልዩ ልዩ ብልሃት ነበር ያለፉት። ፊደላችን በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የራሱን ስፍራ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በአሮጌው ማሽን ላይ ትእዛዞቹ የላቲን ሆነው ይቀራሉ፤ ውጤቱም ቁጥር ነው። ይህ ያሳዝነናል፤ ነገር ግን ቁጥር ቋንቋ የለውምና የምንከራከርለትን ነገር አያፈርሰውም።

የሥራ ባልደረቦቻችን የሚያነሡብንን ተቃውሞ እናውቀዋለን። የመጀመሪያው «በዚህ ዘመን ፓይተን እያለ ባች ፋይል ማስተማር ምን ይሉታል?» የሚል ነው። ፓይተን የተሻለ ቋንቋ መሆኑን አንክድም። ባች ፋይል አስቀያሚ ነው፤ አንዱን የመቶኛ ምልክት በትእዛዝ መስመሩ ላይ አንድ ጊዜ፣ በፋይሉ ውስጥ ግን ሁለት ጊዜ መጻፍ የሚያስገድድ ቋንቋ ለውበቱ ተብሎ አይማሩትም። ማሽኑ የሚችል፣ መምህሩም የሚያውቅ ከሆነ ፓይተን ይማሩ። እኛ የምንናገረው ስለ ሌለው ትምህርት ቤት ነው። ባች ፋይል አይጫንም፣ አይወርድም፣ አይገዛም፤ ማሽኑ ሲበራ በውስጡ አለ። መመሪያውም በዚያው ነው፤ ከትእዛዙ ስም ቀጥሎ ሥላሽና የጥያቄ ምልክት መጻፍ ይበቃል። ዲስኩ ባዶ የሆነበት ማሽን ቢያጋጥም እንኳ ጂም ሆል እ.ኤ.አ. በ1994 ያስጀመረው ፍሪዶስ በነፃ ይገኛል። ማይክሮሶፍትም ራሱ የዶስ 4.0ን የምንጭ ጽሑፍ በኤፕሪል 2024 በነፃ ፈቃድ ለሕዝብ ስለ ለቀቀ፣ የበረታ ተማሪ የቅርፊቱን ውስጥ ማንበብ ይችላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብደናል። «ያደጉት አገሮች የጣሉትን እያነሣን ልጆቻችንን እናስተምር ማለታችሁ ነውን?» ይሉናል። አይደለም። አሮጌ ማሽን እንዲላክልን አንጠይቅም። የድሮው ሞኒተር መስተዋት እርሳስ አለበት፤ ሲሰበር የሚሄድበት ቦታ በወረዳ ደረጃ የለንም። ከነሞኒተሩ ከ100 ዋት በላይ ሊበላ ይችላል፤ መብራት በሚቆራረጥበትና በጄኔሬተር በሚሠራበት ስፍራ ይህ ዋጋ ነው። ቢሆንም እነዚህ ማሽኖች ዛሬ በግምጃ ቤታችን አሉ፤ በመዝገብ የተያዙ ንብረት ስለሆኑ ማስወገዱ በራሱ ዓመታት ይፈጃል። ለዶክትሬት ጥናት በቆየንበት የውጭ አገር ቤተ ሙከራ፣ ዋጋው ውድ የሆነ የመለኪያ መሣሪያ በዶስ ማሽን ሲመራ አይተናል፤ የመሣሪያው ካርድ በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ ስለማይገጥም። ማንም አላፈረበትም። ማለዳ የሚገባው ተመራማሪ ማሽኑን ያበራል፣ ባች ፋይሉ መሣሪያውን ያዘጋጃል፣ ሥራው ይጀመራል።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ስለ ታዳጊ ቴክኖሎጂዎች አንድ የጋራ ኮርስ ይወስዳል። በዚያ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አንድ ምዕራፍ፣ ስለ ተያያዡ የነገሮች መረብ ሌላ ምዕራፍ ያነባል። ከእነዚህ ተማሪዎች ብዙዎቹ ለማሽን አንዲት ትእዛዝ ጽፈው አያውቁም። ስለ አስተውሎቱ ፈተና ይፈተናሉ፤ ባዶ ጥቁር ገጽ ሲያዩ ግን እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ «እንዳይበላሽ» ይላሉ። በፊዚክስ ቤተ ሙከራ የምናየው ጉዳት ይህ ነው። ሦስት መቶ ንባቦችን ከአንድ ፋይል ወደ ሌላ አንድ በአንድ በእጁ የሚገለብጥ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ አለን፤ ታታሪ ነው፣ ግን በአራት መስመር ትእዛዝ ሊሠራ የሚችለውን ሥራ ሦስት ቀን ይሠራዋል። በሦስተኛው ቀን ሲደክመው የሚሳሳተው ስሕተት ደግሞ ወደ ውጤቱ ይገባል፤ እኛም የተፈጥሮ ሕግ የተጣሰ መስሎን እንከራከራለን።

ስለዚህ ለሰላ ድንጋይና ለመሰሎቿ የምናቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ማሽኖች ከግምጃ ቤት ይውጡ። የኮምፒዩተር መምህሩ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ መሪጌታ ወይም ዲያቆን ጋብዞ አንድ ከሰዓት በኋላ በተማሪዎቹ ፊት ይቀመጡ፤ አንዱ ቀመሩን ይናገር፣ ሌላው ወደ ትእዛዝ ይመልስ፣ ተማሪዎቹ ይጻፉ። የእስልምና ተከታይ ተማሪዎች ደግሞ የራሳቸውን የጨረቃ አቆጣጠር ይዘው ይምጡ፤ 30 ዓመትና 11 ተጨማሪ ቀን ያለው ሠንጠረዣዊው ሒሳብ ለባች ፋይል እኩል ይመቻል። ለዚህ በጀት አያስፈልግም፤ ከአንድ ነገር በቀር።

ማሽኑ ሳይበራ ስለ ኖረ በሰሌዳው ላይ ያለችው ክብ ባትሪ መሞቷ አይቀርም። ባለ 3 ቮልቷ ናት፤ በየሰዓት መጠገኛው ትገኛለች። ሰዓቷን ያጣች የዶስ ማሽን ዘመንን የምትጀምረው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1980 ነው፤ ከዚያ በፊት ያለውን ቀን በፋይሎቿ ላይ መጻፍ አትችልም። ባትሪዋን ሳይለውጥ የጀመረ ተማሪ ፋይሉ የዕለቱን ቀን ታኅሣሥ 22 ቀን 1972 ዓ.ም. ብሎ ይነግረዋል፤ ከዚያም ያለ አንዳች ስሕተት የ1972ን ነነዌ ያወጣለታል።